ዕዳው በማን ስም ነው? የሕክምና ትምህርት ቤት ምርጫና የወላጅ ፊርማ

(በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆችና ተማሪዎች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ወጣት ለ20 ዓመት ያህል አንድ መጽናኛ ነበረው። የትምህርት ቤቱ ዋጋ የቱንም ያህል ቢሰቀል የጎደለውን የፌዴራሉ መንግሥት ያበድረዋል። ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር በ2006 ሲጀመር ጣሪያ አልተበጀለትም። የትምህርት ክፍያው፣ የቤት ኪራዩ፣ ቀለቡና የጤና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ትምህርት ቤቱ «ለዓመቱ ይህን ያህል ያስፈልጋል» ካለ፣ ተማሪው ያንኑ ያህል መበደር ይችል ነበር። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሰፊ የበጀት ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ ለአዲስ ተበዳሪ የለም፤ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 50 ሺህ፣ በጠቅላላው እስከ 200 ሺህ ዶላር ብቻ ይሆናል። ቀድሞ ትምህርት ጀምረው ሲበደሩ ለቆዩት ሕጉ የመሸጋገሪያ ጊዜ ትቶላቸዋል፤ አዲስ ገቢዎቹ ግን በአዲሱ ልክ ይሰፈራሉ።

ይህ ለውጥ ዋሽንግተን ለሚገኙ የሕግ ባለሙያዎች የአንቀጽና የንዑስ አንቀጽ ጉዳይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል ወይም ዳላስ ለሚኖር የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ግን እራት ላይ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ልጅቱ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አግኝታለች። አንደኛው ስሙ የገነነ የግል ትምህርት ቤት፣ ሌላው የምትኖርበት ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚህ በፊት ቤተሰቡ የሚጠይቀው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነበር። አሁን ሌላ ጥያቄ ይቀድመዋል፦ ከ50 ሺህ በላይ ያለውን ማን ይፈርምበታል?

በዚህ ንግግር ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህች 50 ሺህ ዶላር መረሳት የለባትም። ከእሷ በታች ያለው ዕዳ በተማሪው ስም የተያዘ፣ ከገቢ ጋር የሚሄድና ከተበዳሪው ጋር የሚሞት ዕዳ ነው። ከእሷ በላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ይዞራል።

ቁጥሮቹን ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2025 ለተመረቁት የአራቱ ዓመት ሙሉ ወጪ አማካይ ግምት በመንግሥት ትምህርት ቤት ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ወደ 290 ሺህ፣ በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ወደ 390 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ለአንድ ዓመት ሲካፈል የመጀመሪያው 72 ሺህ፣ ሁለተኛው 97 ሺህ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ከ50 ሺሁ መስመር በላይ ናቸው። ልዩነቱ የርቀቱ ነው፦ በአንደኛው በዓመት 22 ሺህ፣ በሌላው 47 ሺህ ዶላር ይጎድላል። 22 ሺሁን ስኮላርሺፕ፣ ቁጠባ፣ ከዘመድ ቤት መኖር ወይም የወላጅ እጅ ሊሸፍነው ይችላል። 47 ሺሁ በአራት ዓመት 188 ሺህ ሲሆን፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተሰብ በእቁብ የሚደርስበት አይደለም።

ከተመራቂዎቹ 70 ከመቶ ያህሉ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ፤ ባለዕዳ ከሆኑት መካከለኛው ተመራቂ ያለበት ደግሞ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የቀሩት 30 ከመቶ ዕዳ የሌለባቸው ሁሉም ስኮላርሺፕ አግኝተው አይደለም። ብዙዎቹ የሀብታም ልጆች ናቸው። ልጁን ከክፍል ጓደኛው ጋር የሚያወዳድር ወላጅ ይህን ልብ ማለት አለበት።

ብድር እንዴት እንደሚያድግ በወረቀት ላይ ቢሠራ ይበጃል። ተማሪው በየዓመቱ 50 ሺህ ዶላር ይበደር፤ ወለዱ 8 ከመቶ ይሁን። (በ2025–26 የትምህርት ዘመን ይኸው ብድር 7.94 ከመቶ ያስከፍል ነበር፤ በ2020–21 ግን 4.30 ብቻ ነበር። ወለዱን የሚወስነው ብድሩ የተወሰደበት ዓመት ስለሆነ በአምስት ዓመት ልዩነት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ለአንድ ዓይነት ትምህርት ሁለት ዓይነት ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ።) ወለዱ መቆጠር የሚጀምረው ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ገንዘቡ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ነው። የአንደኛ ዓመቱ ብድር አራት ዓመት፣ የመጨረሻው አንድ ዓመት ይወልዳል። ስለዚህ በምረቃው ዕለት 200 ሺሁ 240 ሺህ ገደማ ሆኗል። ከዚያ ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና ይመጣል፤ ለቤተሰብ ሕክምና ወይም ለሕፃናት ሕክምና ሦስት ዓመት፣ ለአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሕክምና ሰባት ዓመት። በሦስቱ ዓመት ምንም ሳይከፈል ቢቀር ዕዳው 290 ሺህ አካባቢ ይደርሳል። ያንን በአሥር ዓመት ለመጨረስ በየወሩ 3,500 ዶላር ያህል መክፈል ያስፈልጋል። ግማሹን፣ ማለትም በዓመት 25 ሺህ ብቻ የተበደረው ጓደኛው በዚያው ስሌት በወር 1,750 ይከፍላል።

የ1,750 ዶላሩ ልዩነት ስፔሻሊስት ለሆነ ሐኪም ብዙ ላይመስል ይችላል። ግን የሕፃናት ሐኪም የምታገኘው አጥንት ቀዶ ሐኪሙ ከሚያገኘው በእጅጉ ያነሰ ነው። እናትና አባት የሚጦር፣ አገር ቤት ላሉ ታናናሾች በየወሩ የሚልክ ወጣት ሐኪም ደግሞ የደመወዙ ሌላ ባለቤት ብዙ ነው።

የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤው ሲደርስ ቤተሰቡ የሚሳሳተው በአንድ ቦታ ነው። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ የአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። ከላይ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ይቀመጣል፤ ከሥሩ «የተሰጠ ድጋፍ» በሚል ርዕስ የትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ፣ የፌዴራል ብድር፣ አንዳንዴም የግል ብድር በተከታታይ ይዘረዘራሉ፤ መጨረሻ ላይ ይደመሩና ከወጪው ጋር እኩል ይመጣሉ። ቀሪው ዜሮ ይላል። ወላጅ ዜሮውን አይቶ «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ» ብሎ ለዘመድ ይደውላል። ዜሮ የሆነው ግን ብድሩ እንደ ስጦታ ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሰ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ስጦታውን ከብድሩ መለየት ይገባል። የማይመለሰው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ይቀነስና ቀሪው በዓመት ከ50 ሺህ ያንሳል ወይስ ይበልጣል ተብሎ ይታያል። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች የሚያወዳድረው ይህ ቁጥር ነው። በድረ ገጻቸው ላይ የተለጠፈው የትምህርት ክፍያ ብቻውን አያወዳድርም፤ ክፍያ የማይጠይቅ የኒው ዮርክ ትምህርት ቤትም የኒው ዮርክን የቤት ኪራይ አያስቀርም።

ክፍያ የማይጠይቁ ትምህርት ቤቶች መኖራቸው ግን ተረት አይደለም። ክሊቭላንድ ክሊኒክ በሚያስተዳድረው የለርነር የሕክምና ኮሌጅ ከ2008 ጀምሮ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አይከፍሉም። ኦገስት 16 ቀን 2018 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት አዲስ ገቢዎቹን ነጭ ጋዋን በሚያለብስበት ሥነ ሥርዓት መጨረሻ ላይ፣ በዓመት 55,018 ዶላር የነበረው ክፍያ ለሁሉም ተማሪ መቅረቱን አስታወቀ። ከለጋሾቹ ዋነኛው ከሆም ዲፖ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ኬኔት ላንጎን ነበሩ። ፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ብሮንክስ በሚገኘው አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ የ93 ዓመቷ አዛውንት፣ የቀድሞዋ መምህርት ሩት ጎትስማን አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ቆመው ክፍያ ለዘለዓለም እንደሚቀር ሲናገሩ ተማሪዎቹ ወንበራቸውን ትተው ጮኹ። ባለቤታቸው ከዋረን ባፌት ጋር ቀድመው ከሠሩ ባለሀብቶች አንዱ ነበሩ፤ ሲሞቱ ለሚስታቸው ካወረሷቸው ሀብት ውስጥ አንድ ቢሊዮን ዶላሩ ለኮሌጁ ተሰጠ። ወይዘሮዋ ኮሌጁ በስማቸው እንዳይጠራም ጠይቀዋል፤ ለዚህ ያህል ገንዘብ ስም አለመፈለግ አሜሪካ ውስጥ ብርቅ ነው።

የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ችግር በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ባስቀረ ማግሥት የአመልካቹ ቁጥር አሻቀበ፤ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚመጡት ተማሪዎች ድርሻ ግን እንደተጠበቀው አላደገም። ነጻ ወንበር ሲገኝ ሀብታሙም ይፈልገዋል፤ ለፈተናው አስጠኚ መቅጠር የሚችለውም እሱ ነው።

ለዚህ ነው የጆንስ ሆፕኪንስ ዓይነት አሠራር ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የበለጠ ትርጉም የሚኖረው። በጁላይ 2024 ማይክል ብሉምበርግ አንድ ቢሊዮን ዶላር ከሰጡ በኋላ ባልቲሞር የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት የቤተሰብ ገቢያቸው በዓመት ከ300 ሺህ ዶላር በታች ለሆኑ ተማሪዎች ክፍያውን አስቀርቷል፤ ገቢያቸው ከ175 ሺህ በታች ለሆኑት ደግሞ የኑሮ ወጪውንም ይሸፍናል። አባት ታክሲ እየነዳ፣ እናት አረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ልጅ ያሳደጉበት ቤት ከዚህ ሁለተኛው መስመር በታች የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስሙ ከፍ ያለው ትምህርት ቤት ሁሌ ውዱ ነው የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ መካከለኛ ዝና ያለው፣ ትልቅ የስጦታ ክምችት የሌለው የግል ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን ወላጆችን ያስቆጣል። የፌዴራል ብድር ሲጠየቅ የሕክምና ተማሪ ራሱን እንደቻለ ሰው ስለሚቆጠር የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ትምህርት ቤቱ ከራሱ ገንዘብ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ግን ተማሪው 28 ዓመት ሞልቶትም ብዙ ጊዜ የእናትና የአባት የታክስ ወረቀት ይጠየቃል። «የእኔን ገቢ ለምን?» ብሎ ሳይሞላ የሚቀር አባት ልጁን ከማይመለሰው ገንዘብ ያስወጣዋል።

ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጎራ ማለት ተገቢ ነው፤ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ዝምድና ረጅም ነውና። ዶክተር መላኩ በያን በመንግሥት ድጋፍ ወደ አሜሪካ ተልኮ በኦሃዮ ከተማረ በኋላ በ1935 ከሃዋርድ በሕክምና ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ጣልያን አገሩን ሲወር ተመልሶ በሙያው አገለገለ። ዕዳው ለመንግሥቱና ለአገሩ ነበር፤ የከፈለውም በጦር ሜዳ ነው። ዛሬ እዚያው የሚማር ወጣት ዕዳው በዶላር ይቆጠራል። ሃዋርድን ጨምሮ አራቱ የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በ2020 ከብሉምበርግ 100 ሚሊዮን ዶላር ለተማሪዎቻቸው ዕዳ ማቃለያ፣ በኦገስት 2024 ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር ለቋሚ ክምችታቸው አግኝተዋል። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱን የሚመርጥ ተማሪ ገንዘቡ ለእሱ ዘመን እንዴት እንደሚደርስ ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት።

ቴክሳስ ለብቻዋ የምትነሣ ናት። እዚያ በመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የነዋሪ ክፍያ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር ብዙ አይርቅም፤ የዳላስን ወይም የሂዩስተንን ኑሮ ሲጨምሩበት የዓመቱ ወጪ 50 ሺሁ መስመር አካባቢ ይቀራል። ሂዩስተን ያለው ቤይለር እንኳ የግል ሆኖ ሳለ የቴክሳስ ነዋሪን የሚያስከፍለው ወደ መንግሥቶቹ የተጠጋ ነው። ክፍለ ግዛቷ ከወንበሮቿ 90 ከመቶውን ለነዋሪዎቿ ስለምታስቀር ጋርላንድ ያደገ ልጅ ሜሪላንድ ያደገው የአጎቱ ልጅ የሌለው ዕድል አለው። ዲግሪው ግን በየትኛውም ክፍለ ግዛት አንድ ነው።

«ስሙስ?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ስመ ጥር ትምህርት ቤት የምርምር በር ይከፍታል፤ ፉክክር በበዛባቸው ስፔሻሊቲዎች ጠንካራ ደጋፊ ያስገኛል። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ የአገር አቀፉ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል ነጥቡ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሚል፣ ከማይታወቅ ትምህርት ቤት የመጣ ጎበዝ ልጅ ራሱን የሚያስመሰክርበት አንድ ቁጥር አጥቷል። ያም ሆኖ እውቅና ባላቸው የአሜሪካ የኤም ዲ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከ100 ወደ 93ቱ የሬዚደንሲ ቦታ ያገኛሉ፤ ሌላ ዓይነት የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችም ብዙ አይርቁም። የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ለቆረጠ ተማሪ ስሙ ገንዘብ ያወጣ ይሆናል። የቤተሰብ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም መሆን ለሚፈልግ 188 ሺህ ዶላር ተጨማሪ ዕዳ የሚያስይዝ ስም ቅንጦት ነው።

ፌዴራል ብድር ከሌላው የሚለየው ሲከፈል ነው። አዲሱ ሕግ ያመጣው የአከፋፈል ዘዴ ክፍያውን ከገቢ ከ1 እስከ 10 ከመቶ አድርጎታል፤ ገቢ ባደገ ቁጥር እጁም ያድጋል። በዓመት 65 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ሬዚደንት 6 ከመቶ፣ ማለትም በወር 325 ዶላር ያህል ይከፍላል። ይህች ክፍያ ወለዱን እንኳ አትሸፍንም፤ ነገር ግን በወቅቱ ለሚከፍል ሰው የተረፈውን ወለድ መንግሥት ስለሚሰርዘው ዋናው ዕዳ አያብጥም። ከላይ በስሌት 290 ሺህ የደረሰው ዕዳ በዚህ መንገድ 240 ሺህ ላይ ይቆያል። የሬዚደንሲውን ዓመታት «አሁን ገንዘብ የለኝም» ብሎ ክፍያ አቁሞ ማሳለፍና በትንሹ እየከፈሉ ማለፍ የ50 ሺህ ዶላር ልዩነት አላቸው።

ከዚህ ላይ በ2007 በወጣው ሕግ የተፈቀደው የሕዝብ አገልግሎት ዕዳ ስረዛ ይጨመራል። ለትርፍ ባልቆመ ወይም የመንግሥት በሆነ ሆስፒታል እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የፈጸመ ሐኪም የቀረው ይሰረዝለታል፤ ብዙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለትርፍ ያልቆሙ ስለሆኑ የሬዚደንሲው ዓመታትም ይቆጠራሉ። ሦስት ዓመት ሬዚደንት፣ ሰባት ዓመት በዓመት 240 ሺህ ዶላር የሚከፈለው ሐኪም ብንል፣ በአሥር ዓመት የሚከፍለው 180 ሺህ ገደማ ሲሆን የሚሰረዝለት ወደ 200 ሺህ ይጠጋል። ዘዴው ግን ንቁ ሰው ይፈልጋል። በ2018 የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ሲታዩ ከ100 አመልካች 99ኙ ውድቅ ተደርገዋል፤ አንዱ የብድሩ ዓይነት ተሳስቶ፣ ሌላው የአከፋፈል ዘዴው ሳይመጥን፣ ሦስተኛው አሥር ዓመት ሳይሞላው። በኋላ አሠራሩ ተሻሽሎ ብዙ ሰው ተሰርዞለታል፤ ሆኖም የሚሠሩበትን ተቋም በየዓመቱ በቅጽ እያስመሰከሩ ወረቀቱን ማስቀመጥ ግድ ነው።

ከገቢ የምትከፈለውን አሥር ከመቶ ኢትዮጵያ የተማረ ሰው ያውቃታል። በደንብ ቁጥር 91/1995 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየከፈለ የተማረበትን ድርሻ እንዲመልስ ያዛል። ሐሳቡን በ1989 ቀድማ በሥራ ያዋለችው አውስትራሊያ ናት። በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር ወይም በጅማ የተማረ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው ግን በገንዘብ ሳይሆን በተመደበበት ቦታ በሚያገለግለው ዓመት ነው።

ዕዳን በአገልግሎት ዓመት መክፈል አሜሪካም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ፣ ቤተዝዳ ያለው የጦር ኃይሎች የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የማይጠይቅ ብቻ ሳይሆን ተማሪውን መኮንን አድርጎ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ በምላሹ ከሬዚደንሲ በኋላ ሰባት ዓመት ያስይዘዋል። በሲቪል ትምህርት ቤት እያለ የጦር ኃይሉ የሚከፍልለት ደግሞ ባብዛኛው በየዓመቱ ልክ አንድ ዓመት ይመልሳል። የወታደር ስም ሲነሣ ብዙ ኢትዮጵያዊ እናት ትደነግጣለች፤ የደነገጠችበትም ምክንያት አለ። ዜግነት ያለው፣ ሥርዓት የሚስማማው ልጅ ግን ሒሳቡን ሳያይ ሊያልፈው አይገባም። በሐኪም እጥረት በተጎዱ አካባቢዎች ለሚያገለግሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ኮርም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው።

የካሪቢያን ደሴቶች ጉዳይ ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልገዋል። ግሬናዳ ያለው ሴንት ጆርጅስ፣ ባርቤዶስ ያለው ሮስና መሰሎቻቸው አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ጥሩ ሐኪሞችን አስመርቀዋል፤ ይህ አይካድም። ክፍያቸው ግን ከአሜሪካ የግል ትምህርት ቤቶች የሚተናነስ አይደለም፣ በሩም ሰፊ ነው። ሰፊ በር ማለት ብዙ ሰው መግባቱ ብቻ አይደለም፤ በመሐል የሚወጣውም ብዙ ነው። ውጭ አገር ተምረው ለሬዚደንሲ ከሚወዳደሩ አሜሪካውያን ውስጥ ቦታ የሚያገኙት በቅርብ ዓመታት ከ100 ወደ 67 ገደማ ናቸው፤ የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው፣ ከጥቁር አንበሳ ወይም ከጎንደር የመጡትን ጨምሮ፣ ከ100 ወደ 58 ያህል። ከጎንደር መጥቶ ያልተሳካለት ሐኪም ሌላ ዓመት ይሞክራል እንጂ የሩብ ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አይጠብቀውም። ከግሬናዳ በሁለተኛው ዓመት ተሰናብቶ የተመለሰው ልጅ ግን ዲግሪ የሌለው ዕዳ ይዞ ይመጣል፤ ከዕዳ ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ፈተናውን አሻሽሎ ለአገር ውስጥ ትምህርት ቤት እንደገና ማመልከት ለወላጅ ውርደት ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፊርማው። ከ50 ሺህ በላይ የሚያስፈልገው ተማሪ የሚሄደው ወደ ግል አበዳሪ ነው። ተማሪው ገቢ የለውም፤ ስለዚህ አበዳሪው ክሬዲቱ ያማረ ሰው አብሮ እንዲፈርም ይጠይቃል። በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ክፍያ ሳታሳልፍ ቤት የገዛች እናት ስትገኝ ወለዱ ይቀንሳል። እሷም ትፈርማለች፤ ልጄ ዶክተር ልትሆን ዋስ አልሆንም ይባላል እንዴ? ከፈረመች በኋላ ግን ያ ዕዳ በእሷም የክሬዲት መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቤቷን በተሻለ ወለድ ልታስተካክል ባንክ ብትሄድ ወይም ለታናሽ ወንድሟ መኪና ልታስወጣ ብትሞክር 188 ሺህ ዶላር ከስሟ ጋር ቆሞ ታገኘዋለች። ልጅቱ ትምህርት ብታቋርጥ ወይም መክፈል ቢያቅታት አበዳሪው የሚደውለው ለእናት ነው፤ ሊከሳትም ይችላል። ይህ ብድር ከገቢ ጋር አይሄድም፤ ስድስት ከመቶ አያውቅም፤ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል አሥር ዓመት ቢሠራም አይሰረዝም። የፌዴራሉ ብድር ተበዳሪው ሲሞት አብሮ ይሰረዛል። በግል ብድር ላይ ግን ተማሪው ሲሞት ዋሱ በሕግ ነጻ የሚወጣው ከኖቬምበር 2018 ወዲህ ለተወሰደ ብድር ብቻ ነው፤ ያም አበዳሪዎቹ ተገድደው የመጣ ነው።

ቤቱን አስይዞ ከባንክ አውጥቶ የሚከፍል አባት ደግሞ አለ። የልጁን ዕዳ የጣሪያው ዕዳ አደረገው ማለት ነው፤ ይህ ንግግር ከሁሉም በላይ የሚቃወመው እሱን ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም እዚህ ይነሣል። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ የፌዴራል ብድር ያገኛል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለው አያገኝም፤ ስለዚህ ለእሱ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ የሚቀረው የትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ ያለው የግል ብድር ነው። የመዝገቡ ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ተቀባይነቱን ለአንድ ዓመት ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ያዋጣል።

መስመሩን ያለፈ ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ሱቅ ዞሮ የሚከራከር ሰው በ390 ሺህ ዶላር ዕቃ ላይ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ሲል ማየት ያስገርማል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮዎች ይግባኝ ይቀበላሉ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት የተሻለ ደብዳቤ ያመጣ ተማሪን ለማስቀረት ስኮላርሺፕ የሚጨምሩ አሉ። ጊዜው ግን አጭር ነው። ብዙ ቦታ የተቀበሉት ተማሪ በብሔራዊው ሥርዓት ኤፕሪል 15 ሲደርስ ከሦስት በላይ መያዝ የለበትም፤ ኤፕሪል 30 ላይ አንዱን ይመርጣል። መከራከሪያው ጊዜ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ያለው ነው።

በይግባኙ ውስጥ ምን ይጻፋል? አባት ሥራ ካጣ የተሰናበተበት ወረቀት፤ የሕክምና ወጪ ካለ ደረሰኙ፤ ከሌላው ትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ ቅጂ። ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። በየወሩ ለአያት መድኃኒት፣ ለአክስት ልጆች ትምህርት ቤት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ የሚላከው ገንዘብ በታክስ ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የድጋፍ ቅጾቹም ብዙ ጊዜ የራሱ መጠየቂያ አያስቀምጡለትም። ስለዚህ ቢሮው ቤተሰቡን የሚያየው ያ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ነው። «ልዩ ሁኔታ» በሚለው ቦታ ሦስት አራት መስመር መጻፍ፣ ያለፈውን ዓመት የሐዋላ ደረሰኞች በወር በወር ደምሮ ማያያዝ፣ ከዚያም ወረቀቱን የተቀበለውን ሠራተኛ ስም ይዞ በሳምንቱ መደወል ይቻላል።